ሚዛኑን ማን ይመዝነዋል?

ኅዳር 12 ቀን በማለዳ አቃቂን ላየ ሰው፣ ከተማዋ የዕጣን ማጨሻ ላይ የተቀመጠች ትመስለዋለች። በየደጁ የተጠረገው ጥራጊ፣ ደረቁ ቅጠልና አሮጌው ጨርቅ ይነድዳል፤ ጢሱ ከወንዙ ከሚነሣው ጉም ጋር ተደባልቆ የፋብሪካዎቹን ጣሪያ ይሸፍናል። በዚያች ቀን ወደምሠራበት ባንክ በእግሬ ስሄድ፣ ከፊቴ የሚራመደውን ሰው በሳሉ እንጂ በመልኩ አልለየውም።

«ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ መነሻው ሐዘን ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ሲፈጅ፣ ሰዉ አየሩን ለማንጻት ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። በሽታውም «የኅዳር በሽታ» ተብሎ በስሙ ቀረ። አያቶቻችን አየሩን መጠርጠራቸው ስሕተት አልነበረም። አየሩ የያዘውን ግን ከአፍንጫና ከዓይን በቀር የሚለኩበት መሣሪያ አልነበራቸውም። «አየሩ ውስጥ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ያለ መልስ አደረ።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ላወጋህ የፈለግሁት ይህን ጥያቄ ከሩቅ ሆነው ለመመለስ ስለ ደከሙ ሰዎችና ስለ መሣሪያቸው ነው። መሣሪያው የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ታሪኩ ከሌላ ፕላኔት ተነሥቶ አዲስ አበባ ይደርሳል።

ከኅዳር በሽታ 53 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 1971፣ ማሪነር 9 የተባለች የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ደረሰች። ከምድር ሌላ የሆነን ፕላኔት በምሕዋር በመዞር የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። ነገር ግን በደረሰች ጊዜ ማርስ ሙሉ በሙሉ በአቧራ ማዕበል ተሸፍና ነበር። ካሜራዎቹ የላኩት ሥዕል መልክ የሌለው፣ እንደ አጓት የደፈረሰ ነገር ነበር። ጥቂት ቀናት ዘግይተው የደረሱት ሁለት የሶቪየት መንኮራኩሮች ደግሞ ማረፊያዎቻቸውን ወደዚያው ማዕበል ለቀቁ። አንደኛው ተከሰከሰ፤ ሁለተኛው መሬት ነክቶ ከሴኮንዶች በኋላ ዝም አለ። ማሪነር 9 ግን በምሕዋሯ ላይ ሆና አቧራው እስኪረጋ ጠበቀች።

በጠበቀችባቸው ሳምንታት ሥራ ያልፈታ አንድ መሣሪያ ነበር። ሩዶልፍ ሃነል የተባሉት የናሳ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ይህ መሣሪያ በአጠራር «አይሪስ» ይባላል። ማርስን በሥዕል አላየም፤ ከማርስ የሚወጣውን ሙቀት በየዓይነቱ እየለየ መዘገበ። ከዚያም መዝገብ ላይ የአየሩ ሙቀት በየከፍታው ምን ያህል እንደሆነ፣ አቧራው የፀሐይን ብርሃን እየጠጣ አየሩን ሲያሞቀው መሬቱ በቀን መቀዝቀዙን፣ የአቧራውም ጠባይ የሲሊካ ድንጋይ እንደሆነ ተነበበ። ይህ ትዝብት ፍሬው ሰፊ ነበር። እነ ካርል ሴጋን በኋላ ስለ ኑክሌር ጦርነት ሲያስቡ፣ የሚቃጠሉ ከተሞች ጢስ ምድርን ያቀዘቅዛል ብለው ያስጠነቀቁት ከማርስ አቧራ ትምህርት ወስደው ነበር። የሌላ ዓለም አቧራ ስለ እኛው ጢስ ነገረን ማለት ነው።

ይህ ዓይን ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ዘርግቶ በየቀለሙ ላይ የሙቀት መለኪያ አኖረ። ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ጨለማ ነው በሚለው ስፍራ፣ የመለኪያው ሙቀት ከሌላው ቦታ ሁሉ በልጦ ተገኘ። የማይታይ ብርሃን ነበር፤ ኢንፍራሬድ ያልነው እርሱን ነው። እጃችንን ከከሰል ምድጃ በላይ ስንዘረጋ የሚሰማን፣ ምድርም ሌሊት ወደ ሰማይ የምትሰደው ይኸው ነው። ስለዚህ ኢንፍራሬድን የሚያነብ መሣሪያ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ የለበትም።

ሙቀቱ ከፕላኔቱ ወለል ተነሥቶ ወደ ጠፈር ሲወጣ በአየሩ ውስጥ ያልፋል። በአየሩ ያለው እያንዳንዱ ጋዝ እንደ ኬላ ቀራጭ ነው፤ ከሁሉም ሞገድ አይወስድም፣ ለራሱ ከተወሰነለት ሞገድ ላይ ብቻ ይቀርጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ15 ማይክሮን ገደማ፣ ኦዞን በ9.6 ማይክሮን ገደማ። ኬላውን አልፎ የወጣውን ብርሃን ዘርግቶ የጎደለውን ያየ ሰው ማን እንደ ቀረጠ ያውቃል። ቀራጩ ራሱም ሙቀት ያለው ነውና በዚያው ሞገድ የራሱን ብርሃን ይሰጣል። የማርስ አየር 95 ከመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መጠኑ ከታወቀ ድምቀቱ የሙቀቱን ልክ ይነግራል።

ችግሩ ይህን ደካማ ብርሃን ሳያባክኑ መዘርጋት ነበር። መፍትሔው ከሁለት ሰዎች ሥራ መጣ። አልበርት ማይክልሰን እ.ኤ.አ. በ1881 ብርሃንን ለሁለት ከፍሎ፣ በሁለት መስተዋት አንጸባርቆ፣ መልሶ የሚያገናኝ መሣሪያ ሠራ። ዓላማው ብርሃን ይሄድበታል የተባለውን «ኤተር» ማግኘት ነበር፤ ፈልጎ አጣው፤ መሣሪያው ግን ቀረልን። ሁለተኛው ሰው ጆሴፍ ፉርየር ነው። ከናፖሊዮን ጋር እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅ የዘመተው፣ የዓባይንም ውኃ ሳይጠጣ ያልቀረው ይህ ፈረንሳዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው የሙቀት መጽሐፉ የተወሳሰበ ሞገድ ሁሉ የቀላል ሞገዶች ድምር መሆኑንና ድምሩም ተመልሶ ሊበተን እንደሚችል አሳየ።

በስፔክትሮሜትሩ ውስጥ አንዱ መስተዋት ቆሞ ሌላው በቀስታ ይንሸራተታል። ከሁለቱ የሚመለሰው ብርሃን ሲገናኝ አንድ ጊዜ ይበረታል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል። መሣሪያው ይህን መውጣትና መውረድ ብቻ ይመዘግባል። ማኅሌት ቆመው የሚዘምሩትን ሁሉ ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ የሚሰማን ሰው አስብ፤ የሚደርሰው አንድ የተዋሐደ ድምፅ ነው። ጆሮው የሠለጠነ ከሆነ ግን የእገሌ ድምፅ ይህ ነው፣ የእገሌ ይህ ነው ብሎ ይለያል። የፉርየር ሒሳብ ያ የሠለጠነ ጆሮ ነው።

እስካሁን የነገርኩህ የመሣሪያውን ብልሃት ነው። እኔን፣ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ስቆጥር የምውለውን ሰው፣ ይበልጥ የማረከኝ ግን ታማኝነቱ ነው። መሣሪያው ራሱ ሙቀት አለው፤ መስተዋቱ፣ ቱቦው፣ ሳጥኑ ሁሉ ኢንፍራሬድ ያወጣሉ። እየነደደ ያለ ሰው ከሩቅ ያለችን ሻማ ሊለካ እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹን መቀበያዎች ከዜሮ በታች ወደ 200 ዲግሪ ያቀዘቅዟቸዋል። ይህም አይበቃም። ንድፍ አውጪዎቹ ለመሣሪያው ሦስት እይታ ሰጡት። በመጀመሪያ ፊቱን ወደ ባዶው ጠፈር ያዞራል፤ ያ ዜሮው ነው። ቀጥሎ ሙቀቱ በትክክል ወደ ታወቀ፣ በውስጡ ወደ ተሸከመው ጥቁር አካል ያያል፤ ያ ልኩ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ፕላኔቱ ይመለከታል። ይህንንም ደጋግሞ ያደርገዋል፤ ትናንት ትክክል ነበርኩ ብሎ ዛሬን አያምንም።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ የገንዘብ ቤቱ ሥርዓት ትዝ አለኝ። ገንዘብ ከፋይ ጠዋት መሳቢያውን ባዶ መሆኑን ያያል፤ የታወቀውን መነሻ ገንዘብ ቆጥሮ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሰው ገንዘብ የሚነካው። ማታ የማይታወቀውን ከታወቀው ጋር ያስታርቃል። አንድ ማታ ሒሳቤ አልዘጋ ብሎ 900 ብር ጎደለብኝ። ባልደረቦቼ ወጥተው ሄዱ፤ ጥበቃው መብራቱን እያጠፋ መጣ። አንዲት በሥራው የሸበተች እኅት «ለዘጠኝ ይካፈላል? ከተካፈለ አሃዝ አዘዋውረሃል» አለችኝ። 900 ለዘጠኝ ይካፈላል። 5,400 ብር የሚለውን 4,500 ብዬ ጽፌው ኖሯል። ገንዘቡ ሙሉ ነበር፤ የጎደለው የእኔ ልብ ነበር።

የእኔ ስሕተት በአንድ ማታ ድካም ተከፈለ። እንዲህ ያለው ስሕተት በሰማይ ሲሠራ ግን ዋጋው ሌላ ነው። የማርስን አየር በኢንፍራሬድ ለመለካት ዳንኤል ማክሊስና ባልደረቦቻቸው የሠሩት መሣሪያ መጀመሪያ የተሳፈረው ማርስ ኦብዘርቨር በተባለች መንኮራኩር ነበር፤ እርሷም እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1993፣ ማርስ ልትደርስ ሦስት ቀን ሲቀራት ጠፋች። መሣሪያው እንደገና ተሠርቶ በማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ተጫነ። መስከረም 12 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ እኛ ለመስቀል በዓል አምስት ቀን ሲቀረን፣ ያችም መንኮራኩር ከማርስ ጀርባ ገብታ ሳትመለስ ቀረች። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ትናንሾቹ ሞተሮች የሰጡትን ግፊት አንደኛው ወገን በፓውንድ መዝግቦት፣ ሌላው ወገን በኒውተን መስሎት አንብቦት ኖሯል። በሁለቱ መካከል 4.45 እጥፍ ልዩነት አለ። ከወለሉ 226 ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ ልታልፍ የታሰበችው 57 ኪሎ ሜትር ላይ ገብታ አየሩ በላት።

አንባቢዬ፣ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት የዘመን አቆጣጠር፣ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሕዝብ ነን። «ሦስት ሰዓት» ብለን የቀጠርነው እንግዳ ቀትር ካለፈ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መለኪያው ከተለየ እውነቱ ይጠፋል። የማክሊስ ቡድን ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በአዲስ መልክ የተነደፈው መሣሪያቸው በሦስተኛዋ መንኮራኩር ተሳፍሮ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2006 ማርስ ደረሰ። ከሁለት ሞት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ የመነሣትን ነገር ገጣሚ ቢጽፈው አጋነነ ይባል ነበር።

አሁን ወደ ምድራችን፣ ወደ አገራችንም ልውሰድህ፤ የእኛም ምድር ፕላኔት ናትና። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2002 አውሮፓውያን ኤንቪሳት የተባለ ስምንት ቶን የሚመዝን ሳተላይት አመጠቁ። ከተሸከማቸው መሣሪያዎች አንዱ «ሚፓስ» ነበር፤ ሐሳቡ በጀርመን አገር በካርልስሩሄ ተመራማሪዎች ዘንድ የተጸነሰ የፉርየር ስፔክትሮሜትር ነው። ሚፓስ ቁልቁል አያይም፤ እንደ ቀጭን የዓይን ሽፋን በምድር ጠርዝ ላይ የተዘረጋውን አየር በጎን እየቃኘ፣ ሌሊትም ቀንም ያነባል።

መዝገቡን ካነበቡት መካከል ኢትዮጵያዊው ዶክተር ግዛው መንግሥቱ ጽዱ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከካርልስሩሄ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በ2002 የደቡብ ዋልታ ጸደይ ላይ ዳይናይትሮጅን ፔንቶክሳይድ የተባለው ጋዝ በላይኛው አየር እንዴት እንደ ነበረ አሳይተዋል። ያ ወቅት የዋልታው አዙሪት ነፋስ ለሁለት የተሰነጠቀበት ለየት ያለ ጊዜ ነበር። የጋዙ ጠባይ ግጥም ነው፤ ሌሊት ይጠራቀማል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይፈርሳል። በፀሐይ ብርሃን ብቻ የሚያይ መሣሪያ አያገኘውም። በጨለማ የሚጻፈውን የሚያነብ ዓይን ያስፈልገው ነበር።

ያ ዓይንም ቢሆን ሥጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2004 የሚንሸራተተው መስተዋት እክል ገጠመው። መሐንዲሶቹ ከ800 ኪሎ ሜትር ርቀት ዘይት ሊቀቡት አይችሉም። የመስተዋቱን ጉዞ አሳጠሩት፤ መሣሪያው በ2005 መጀመሪያ ላይ ጥራቱ ቀንሶ፣ ግን እውነተኛ ሆኖ ወደ ሥራ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2012 ኤንቪሳት በድንገት ዝም አለ። እስካሁንም ድምፅ የሌለው ግዙፍ አካል ሆኖ ይዞረናል።

እንግዲህ ጥያቄው ይመጣል፤ ሚዛኑን ማን ይመዝነዋል? በሰማይ ያለው መሣሪያ ዜሮውንና ልኩን ይዞ ቢሄድም፣ ንባቡን ከምድር የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምስክር ይሻል። ለዚህም በምድር ላይ የቆሙ ስፔክትሮሜትሮች አሉ፤ ፀሐይን እንደ መብራት ተጠቅመው ብርሃኗ በአየሩ ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደ ተቀረጠበት ያነባሉ። እነዚህ ጣቢያዎች የበዙት በሰሜኑ ዓለም ነው። በምድር ወገብ አካባቢ፣ በተለይ በአፍሪካ፣ ጥቂት ነበሩ። ኦዞን ደግሞ በብዛት የሚሠራው በዚሁ በሞቃቱ ቀበቶ ሰማይ ላይ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዋልታዎቹ ይጓዛል። ምንጩን ሳይለኩ የወንዙን መጨረሻ ብቻ መለካት ዓባይን ከጣና ሳይጀምሩ መጻፍ ነው።

ከሜይ 2009፣ በእኛ ከ2001 ዓ.ም. ማገባደጃ፣ ጀምሮ ግን አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል 2,443 ሜትር ላይ፣ እንዲህ ያለ የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ፀሐይን ማንበብ ጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የካርልስሩሄ ተመራማሪዎች ኅብረት ፍሬ ነበር፤ ሚፓስን ያነበቡት ዶክተር ግዛውም አሉበት። ሳሙኤል ታከለ ቀነአ ከእርሳቸውና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአዲስ አበባ የተለካውን ኦዞን ሳተላይቶቹ ከላይ ካነበቡት ጋር አነጻጽረዋል፤ ሚፓስም ከተነጻጻሪዎቹ አንዱ ነበር። ነገሩን በእኔ ሙያ ቋንቋ ልበለውና፣ የላይኛው መዝገብና የታችኛው መዝገብ በእኛ ከተማ ላይ ተቀምጠው ሒሳብ ተሳሰቡ። በሁለቱ መካከል የተገኘው ልዩነትም እንደ ነውር አልተደበቀም፤ በየከፍታው ተጽፎ ወጣ።

እንዲህ ያለው መተሳሰብ የቅንጦት እንዳልሆነ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ታየ። በኤርትራ ምድር፣ ከአፋር ድንበራችን አጠገብ ያለው ናብሮ እሳተ ገሞራ በድንገት ፈነዳ። አመዱ አውሮፕላኖችን አገደ። ከአመዱ ጋር የወጣው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ብዛት ግን በዓይን የሚመዘን አልነበረም። የኢንፍራሬድ መሣሪያዎች ሌሊትና ቀን ተከተሉት፤ ደመናው ወደ ምሥራቅ ተጉዞ እስያ ላይ ሲዘረጋ መዘገቡት። በእኛው ስምጥ ሸለቆ የተነሣ ትንፋሽ የሩቅ አገር ሰማይ ላይ ተነበበ።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር መቃኛ ሳተላይት ከቻይና ስታመጥቅ፣ እኔም እንደ ብዙው ሰው በደስታ ተመልክቻለሁ። ያች 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሳተላይት የያዘችው ካሜራ ነበር፤ ማሳን፣ ደንንና ውኃን ለማየት። የአየርን ምሥጢር የሚፈታ ስፔክትሮሜትር መንደፍ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆኖም ከመስተዋቱና ከሒሳቡ በፊት የሚያስፈልገው ልማድ ሩቅ አይደለም ብዬ አስባለሁ፤ ዜሮን አውቆ መነሣት፣ የታወቀውን ልክ በኪስ መያዝ፣ መለኪያን በስሙ መጥራት፣ ጉድለትን ጽፎ መፈረም።

ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ የወጡት የአውሮፓ ሜቶፕ ሳተላይቶች «ያሲ» የተባለ የፉርየር ስፔክትሮሜትር ተሸክመው፣ ጠዋት ወደ አራት ሰዓት ገደማ፣ የባንካችን ሰልፍ በሚረዝምበት ሰዓት፣ በላያችን የሚያልፉበት ቀን አለ። አንዷ የንባብ ነጥባቸው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። አቃቂ ከነፋብሪካዎቿ፣ ከነባቡር ሐዲዷ፣ ከነሳሏ ለእነርሱ አንዲት ነጥብ ናት። ከዚያ ከፍታም ወደ መሬት የተጠጋውን፣ እኛ የምንተነፍሰውን አየር፣ ኢንፍራሬድ በደንብ አይለየውም፤ መሬቱና አየሩ በሙቀት ሲቀራረቡ ንባቡ ይደበዝዛል። ያቺን ነጥብ ገልጦ በውስጧ ያለውን የሚነግር ምስክር ከታች፣ ከእኛው መካከል መቆም አለበት።

በመጪው ኅዳር 12 ደግሞ ይታጠናል። ጎረቤቴ የሆኑት እናት በራፋቸውን ጠርገው፣ ጥራጊውን ለኩሰው «በሽታውን ይዞት ይሂድ» ይላሉ። እኔም ጢሱን አልፌ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ በሩን ከፍቼ፣ መሳቢያዬ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ የታወቀውን ቆጥሬ እፈርማለሁ። አያቶቻችን የጠየቁት ጥያቄ ግን ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ጢስ ውስጥ እንደ ቆመ ነው፤ አየሩ ውስጥ ምን አለ? ዛሬ መልሱን ማወቅ ይቻላል። የሚቀረው ቀርቦ የሚለካው ሰው ነው።